ስሙ ያንቺ ነው፣ ቤቱን ይውሰደው

ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽ እንዴት ሆነ? የቀኝ አውራ ጣትሽስ፣ ብርድ ሲነካው አሁንም ይጠዘጥዝሻል? ስለ ጉልበትሽ አልጠይቅሽም፤ ደህና ነው ብለሽ እንደምትዋሺኝ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ስልሽ ግን አልዋሸሁሽም። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ በመስኮቷ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ስታስነጥስ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ግን ጥሩ ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ከስታለች ያለሽ ሰው ካለ ቀንቶብኝ ነው።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ታበላሻለች ትዪ ይሆናል። ስልክሽን ማን እንደሚያነሳው ሁለታችንም እናውቃለን። ባለፈው ስደውል አነሳና «እማዬ ተኝታለች፣ መልእክት ካለሽ ለኔ ተናገሪ» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ! ከጀርባው የስፌት መኪናሽ ሲንቀጫቀጭ እየሰማሁት። መዋሸት እንኳ በወጉ አልተማረም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩ፤ መነጽር ፍለጋ እንዳትንከራተቺም ፊደሌን አስፍቼዋለሁ። ያደረሰልሽን ሰው ምንም አትጠይቂ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያ የበኩር ልጅሽ «እህቴ የቤተሰቡን ድረ ገጽ ሰረቀችን» እያለ በየቤቱ ይዞራል አሉ። ለአክስቴ ነግሯታል። ለፀጉር አስተካካዩ ነግሮታል። እዚያ ወረፋ ለያዙት ሁሉ፣ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ፣ ወንበሩን አዙሮ ነግሯቸዋል። ላንቺማ እንዴት አድርጎ እንደነገረሽ ይታየኛል፤ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን ሰብሮ፣ ምናልባትም እንባ ጨምሮበት። ወንድሜን ማልቀስ አይቸግረውም። የሚቸግረው ሥራ ነው።

እኔ ምንም አልሰረቅኩም። እንዳልሰረቅኩ እንዲገባሽ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ፤ ያኔ ሳስረዳሽ አንገትሽን ደፍተሽ ክር እየመዘዝሽ «እሺ፣ እሺ» ያልሽኝን ነገር። አንቺ እሺን ሁለቴ ስትዪ አልገባሽም ማለት ነው። እኔም ተውኩት። አሁን ግን እሺታሽ አይበቃም። ታገሺኝ፣ ከባድ አይደለም። ለወንድሜም ያልገባው ከብዶት ሳይሆን መጠየቅ ውርደት ስለሚመስለው ነው።

ከየት እንደተነሳን አስታውሺ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ነው። አንቺ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሰው ሊጥለው የደረሰውን ልብስ ታድኚ ነበር። ሲጋራ ያቃጠለው ኮት፣ ብል የበላው ሹራብ፣ ምስማር የቀደደው ሱሪ። ከልብሱ ከራሱ ጠርዝ ውስጥ ክር መዝዘሽ፣ ቀዳዳውን በዚያው ክር ሸምነሽ ትሞዪዋለሽ፤ ባለቤቱ እንኳ ቦታውን ፈልጎ ያጣዋል። የንጽሕና ቤቱ ባለቤት ሥራውን ካንቺ ተቀብሎ «የኛ ባለሙያዎች የሠሩት ነው» እያለ ያስረክብ ነበር። ባለሙያዎች! አንዲት ሴትና አንድ አምፖል።

ደንበኞች በቀጥታ ወዳንቺ እንዲመጡ ብዬ ድረ ገጽ ልሠራልሽ ተነሳሁ። ስም ያስፈልግ ነበር። አባዬ በሕይወት ሳለ ሊያበሽቅሽ ሲፈልግ «ክርነሽ» ይልሽ ነበር፤ የሰው ሚስት ብርነሽ፣ ወርቅነሽ ትባላለች፣ የኔዋ ክር ሆና ቀረች እያለ። የሰፈሩ ሰው ተቀበለው፣ ከሰፈሩ ደንበኛው ተቀበለው፣ በመጨረሻ አንቺም ተቀበልሽው። ያንን ስም አስመዘገብኩልሽ። የኔ መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሁሉም ነገር ባንቺ ስምና ባንቺ ስልክ ቁጥር ሆነ። ያኔ ሳቅሽብኝ። ስም ደግሞ ይመዘገባል እንዴ፣ ስሜን ማን ይወስድብኛል አልሽኝ። ይኸው፣ እማዬ።

እንግዲህ ስሚኝ። ድረ ገጽ ማለት ፎቶና ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር የለውም። ፎቶና ጽሑፍ ደግሞ እንደ ልብስ የሆነ ቦታ መሰቀል አለበት። የሚሰቀልበት ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ ሰርቨር ይሉታል። እኛ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የለንም። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹን በአዳራሽ ደርድረው ጥግ ጥጉን ከሚያከራዩ ድርጅቶች እንከራያለን። ኪራዩ ሆስቲንግ ይባላል። አንቺ ግን ቤቱ በይው። ከንጽሕና ቤቱ ጀርባ ክፍል እንደተከራየሽው ማለት ነው።

ስሙ ሌላ ነገር ነው። ዶሜይን ይሉታል። ክፍያው ለብቻው ነው፣ መግቢያውም ለብቻው። አንዳንድ ድርጅት ቤቱንም ስሙንም አንድ ላይ ይሸጣል፤ እኔ ግን ቤቱን ካንዱ ተከራይቼ ስሙን ሌላ ድርጅት ዘንድ ነው ያስመዘገብኩት። አስተማሪያችን መክሮን ነበር፤ ከቤት አከራያችሁ ጋር ብትጣሉ ስማችሁን ይዛችሁ መውጣት አለባችሁ ብሎ። ከወንድማችሁ ጋር ብትጣሉ አላለም፣ ግን ያው ነው። ስሙን ደግሞ ለዘላለም አይሸጡልሽም። በየጊዜው ይታደሳል፤ ካልታደሰ ሌላ ሰው ያነሳዋል። እስከዛሬ ሳሳድስልሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ መታደሱንም፣ የሚታደስ ነገር መኖሩንም አያውቅም።

ታዲያ ስሙና ቤቱ በምን ይገናኛሉ ብትዪኝ፣ ስልክሽን አስቢ። እኔን ስትፈልጊ ቁጥሬን አትጽፊም፤ በቃልሽም አታውቂውም። ፎቶዬን ትነኪያለሽ፣ ስልኩ ራሱ ቁጥሩን አውጥቶ ይደውላል። እኔ ቁጥር ብቀይር አንቺ የምትነኪው ያንኑ ፎቶ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንድ ሰው ካስተካከለልሽ በቃ። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ማንም የማይሸመድደው ረጅም ቁጥር አለው። ሰው «ክርነሽ» ብሎ ሲጽፍ፣ ይህ ስም የትኛው ቁጥር ላይ ነው የሚል ጥያቄ ይሄዳል፣ መልስ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል። ክር በመርፌ ቀዳዳ እስክታሾልኪ ሁሉም አልቋል። መልሱ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ስሙን የያዘው ሰው እንጂ ቤቱን የያዘው አይደለም። ይቺን ሁለቴ አንብቢያት። ወንድሜ ይቺን ባለማወቁ ነው የሰፈር መሳቂያ የሆነው።

እሱ ሲመጣ ሁሉም ተሠርቶ ነው የጠበቀው። የውሃ ማጣሪያ ንግዱ ከሰረ፣ የስልክ ሽፋኑ ከሰረ፣ ሸሪኮቹ በሙሉ አታለሉት፤ የሚገርመው የዓለም አታላዮች ሁሉ እሱን እየፈለጉ መሸረካቸው ነው። ቤት ተቀመጠ። ደንበኞችሽ መብዛታቸውን አየ። አንድ ቀን ከማተሚያ ቤት አንድ ሳጥን ሙሉ ካርድ አሳትሞ ገባ፤ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል። ማንን ነው የምታስኬደው ብለው «ድርጅቱን» አለኝ። ድርጅቱ አንቺ ነሽ፣ እማዬ። አንቺና ያ አምፖል።

ከዚያ መለጠፊያ ማሽኑን ገዛ። ሙጫ ያለው ጨርቅ ከውስጥ ያስገቡና በሙቀት ተጭነው ያጣብቁበታል። አንቺ አንድ እጅጌ ላይ ስትውዪ እሱ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ለጥፎ ይጨርሳል። ወንበርሽን ወደ ኮሪደሩ አወጣው፤ መስኮቱ ጋ ማሽኑ ተተከለ። ሙጫ ብርሃን ምን ያደርግለታል? አንቺ በአምፖል፣ ሙጫው በፀሐይ!

ተቃወምኩ። ያለኝን ታስታውሻለሽ፤ ፊትሽ ነው የተናገረው። «አንቺ ነገ አግብተሽ የምትሄጂ ነሽ፣ ይሄ የቤተሰብ ንብረት ነው» አለኝ። እኔ የማን ቤተሰብ ነኝ ብዬ ጠየቅኩት። «አትጩሂ» አለኝ። መልስ ሲያጣ የሚሰማው የኔ ጩኸት ብቻ ነው። አንቺ መርፌሽን መፈለግ ጀመርሽ። መርፌሽ እጅሽ ላይ ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጠዋት የሆስቲንጉ መግቢያ አልከፍትልሽም አለኝ። የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። እንዴት አድርጎ እንደቀየረው ለጊዜው ልለፈው። ገጹን ስከፍት እጆችሽ የሉም። ያቺ ክር ስትመዢ ያነሳኋት፣ ጣቶችሽ ብቻ የሚታዩባት ፎቶ ተነስታለች። በቦታዋ ወንድሜ ሱፍ ለብሶ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ገጽ ላይ፣ እጁን ያጣመረ ሰው! ሱፉ ራሱ ግራ ጉልበቱ ላይ ያንቺ ጥገና ያለበት ነው፤ ቦታውን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ከሥሩ «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ» ይላል። ሙጫውን ማለቱ ነው። ለኔ ደግሞ ከእንግዲህ የድርጅቱን ጉዳይ በሥራ አስኪያጁ በኩል ብቻ እንዳቀርብ አጭር መልእክት ላከልኝ። አቅርቢ ይለኛል እኮ! የገነባሁት እኔ፣ አቅራቢዋም እኔ።

ይህን ሁሉ ይዤ ዝም ብዬ ከቤት ወጣሁ። ዝምታዬን ያፈረሱት ዳኛው ናቸው፤ እኚያ ረጅሙ፣ ካባቸውን ሁልጊዜ ላንቺ የሚያመጡት። በድሮ ቁጥሬ ደወሉልኝ። በችሎት መሃል እጃቸውን ሲያነሱ የካባቸው ብብት ተላቆ፣ ሙጫው እንደ ማስቲካ እየተሳበ ወረደ አሉኝ። ተከሳሹ ሳይቀር ሳቀ። እሳቸው ግን የደወሉት ሊቆጡ አልነበረም። ቅሬታ ሊያቀርቡ ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? «ይቅርታ ያድርጉልን፣ እናቴ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ሥራ እንዳንከለክላት ደግሞ ታዝንብናለች» ነው ያላቸው። ዳኛውም በትሕትና «የእናትሽን ዓይን ለሐኪም አሳዪ፣ የማውቀው ጥሩ ሰው አለ» አሉኝ።

ይህን ሊነግርሽ የደፈረ እንደሌለ አውቃለሁ። የሱ ሙጫ ሲላቀቅ የሚወቀሰው ያንቺ ዓይን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የወንድሜን ቤት አልነካሁም፤ ፎቶው፣ ሱፉ፣ የተጣመረ እጁ እንዳለ ነው። ሌላ ቦታ አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራየሁ፤ አንድ ገጽ ብቻ የምትይዝ። እጆችሽን ሰቀልኩባት። ከሥራቸው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክርነሽ ለጊዜው ሥራ አትቀበልም። በስሟ የሚሠራ የሙጫ ሥራ የሷ አይደለም። ዓይኗ ደህና ነው።» ከዚያ ስሙ ወደተመዘገበበት ድርጅት ገጽ ገባሁና «ክርነሽ» የሚለው ስም የሚያመለክተውን ቁጥር ወደ አዲሷ ክፍል አዞርኩት። በቃ። ስርቆቱ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ከማን እንደሰማሁ አልነግርሽም፤ አንቺም ኮሪደሩ ላይ ሆነሽ ጩኸቱን ሳትሰሚ አትቀሪም። ስም ሲዞር ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰማም። የዚህን ስም ቁጥር የሚመልሱት ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው፤ ትናንት የሰሙትን መልስ ይዘው ይቆያሉ፣ አረጀ እስኪሉ ድረስ ደግመው አይጠይቁም። ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ አንዱ ሰው የድሮውን ቤት ያያል፣ ሌላው አዲሱን። ወንድሜ ስልኩን ሲከፍት ሱፉን ለብሶ ቆሟል። ሚስቱ ስልኳን ስትከፍት ያንቺ እጆች። አሳየችው። ነጠቃትና ስልኳን ገለባበጠው። የራሱን ከፈተ፤ እሱ አለ። የሷን ከፈተ፤ እሱ የለም። «ስልክሽ ላይ ምን አስገባሽ?» አላት። ምንም አለችው። «ተመካክራችሁ ነው! አለዚያ ካንቺ ስልክ ላይ ብቻ ለይቶ ማን ያጠፋኛል?» አላት። ምስኪን ምራትሽ እስከዚያ ቀን ድረስ ከኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግራ አታውቅም።

ባለቦርሳውን ጠራው። ባለቦርሳው ያ «የኮምፒውተር ባለሙያ» የሚባለው ጓደኛው ነው፤ ቦርሳውን ሲከፍት ያየው ሰው የለም። መጣ፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጥፍቶ አበራው፣ «ቫይረስ ነው» አለ፣ ምሳ በላ፣ ሄደ። በማግስቱ የወንድሜም ስልክ እጆችሽን አሳየ። ለምራትሽ ይቅርታ የጠየቃት ይመስልሻል? «ወደኔም አጋባሽብኝ» ነው ያላት። ባለቦርሳው እንደገና ተጠራ። አሁን አስቦበት መጥቷል፤ ቤቱ ጠቦ ነው፣ ገጹ የሚገፋው ለዚህ ነው አለ። ወንድሜም ትልቁን ሆስቲንግ ገዛ። እስኪ አስቢው! ስሙ የሌላ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ ሳለ እሱ የራሱን ሳሎን አሰፋ። ማንም መንገዱን የማያውቀው ሰፊ ሳሎን፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰው እጁን አጣምሮ። ይህን ስሰማ ነርሷ ግድግዳውን እስክትደበድብ ድረስ ሳቅኩ።

አክስቴ ለማስታረቅ ደውላልኝ ነበር። «እባክሽ የወንድምሽን ድረ ገጽ መልሺለት» አለችኝ። ገጹ እኮ እሱ ጋ ነው አልኳት። «ቤቱንስ?» ቤቱም እሱ ጋ ነው፣ እንዲያውም አስፍቶታል አልኳት። «ታዲያ ምን ወሰድሽበት?» ምንም። «ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?» እኔም ይህንኑ ጠይቂልኝ አልኳት። ጠይቃው ነው መሰል፣ ወዲያው እሱ ራሱ ደወለና እከስሻለሁ አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዳኛው ያውቁሃል፣ ካባቸውንም ያውቁልሃል አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

በመጨረሻ ባለቦርሳው የሚያውቅ ሰው ጠይቆ መጣ። «ስሙ ለካ ለብቻው ነው የሚመዘገበው» አለው። ወንድሜ በማን ነው የተመዘገበው ቢለው፣ «በእናትህ» አለው። ብርቱካን እየገዛ መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ አይደል? ለዓመታት በባዶ እጁ ይገባ የነበረ ልጅ፣ ድንገት ፍራፍሬ የሚያበቅል ሆነ።

አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው፣ እማዬ። ስሙን ለመውሰድ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ ብሎ ይጠይቃል። ድርጅቱም ወደ ባለቤቷ ስልክ፣ ማለትም ወዳንቺ፣ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይልካል። ስልክሽ ሲጮህ ያነሳዋል እንጂ መልእክትሽ ያላንቺ ጣት አይከፈትለትም። ያንን ቁጥር የያዘ ሰው ስሙን ይዟል። በር መስበር የለም፣ ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። አንዲት እናት ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፣ አለቀ።

እንዴት እንደሚመጣም ልንገርሽ፤ አብሬው ነው ያደግኩት። ብርቱካኑን ይልጥልሻል። «እማምዬ» ይልሻል። ከሥራ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ ይልሻል። ከዚያ በሩን ዝጊልኝ እንደማለት አቅልሎ «አሁን መልእክት ይመጣልሻል፣ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ለድርጅቱ ነው» ይልሻል። ብትነግሪው ስምሽ ወደ ሱ ሳሎን ይዞራል፤ ሙጫ በተላቀቀ ቁጥር የሚነሳው ያ ስም ይሆናል። ነገ ሲከስር ደግሞ፣ መክሰሩ አይቀርም፣ ስምሽን ከነሳሎኑ ሽጦ አታለሉኝ እያለ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ስሜን መልሱልኝ ብለሽ የምታንኳኪው በር አይኖርም።

ባለፈው እሱ በሌለበት ልጠይቅሽ የመጣሁ ዕለት ስልክሽን ሰጠሽኝ፤ ፊደሉ ደቀቀብኝ፣ አሳድጊልኝ ብለሽ። አንቺ ሻይ ልታፈዪ ገባሽ። ስልክሽ እጄ ላይ ቆየ። ፊደሉ ማደጉን ለማየት መልእክቶችሽን ከፈትኩ። ከሆስቲንግ ድርጅቱ የመጣ አንድ መልእክት ነበረ፤ በሩ የተዘጋብኝ ዕለት ጠዋት የገባ። ስድስት አኃዝ። ተከፍቶ ተነብቧል። ፊደሉን አሳደግኩና ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሻዩን ይዘሽ ገባሽ፣ ስኳሩን እንደምወደው አበዛሽልኝ። ጠጣሁ። ጥሩ ሻይ ነበር።

ከቁጥሩ ሥር አንዲት ደቃቅ መስመር አለች። «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ትላለች። በዚያን ጊዜው ፊደል አንቺ ልታያት አትችዪም ነበር። ዓይኗ ደህና ነው ብዬ ለዓለም ያወጅኩት እኔው ነኝ፤ ለዚያች መስመር ብቻ ግን ደክሞ ነበር እንበል። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። ዳኛው ቢጠይቁኝም እንደዚያ ነው የምመሰክረው።

ያን ዕለት ስልክሽን እንደያዝኩ ሁሉንም ወደ ራሴ ማዞር እችል ነበር። ስሙን በስሜ፣ ቁጥሩን በቁጥሬ። ውሃው ሳይፈላ ጨርሼ ስልክሽን በቦታው አስቀምጠው ነበር። ሌባ ብሆን ኖሮ ያኔ ነበር ሰዓቱ። አላደረግኩትም። ስሙ ያንቺ ነው። ሳትሰጪኝ ከእጅሽ ከወሰድኩት፣ እኔም ሱፍ ልልበስና እጄን አጣምሬ ልቁም።

እንድታባርሪውም አልጠይቅሽም። ልጅሽ ነው፤ ስታዪው የምታዪው እኔ የማየውን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክፍሉን ይውሰደው፣ ማሽኑን ይውሰድ፣ መስኮቱንም ይውሰድ። ሰፊ ሳሎኑ ውስጥ እስኪሰለቸው ይቁም። ብርቱካኑንም ብዪለት፤ ብርቱካኑ ምን አጠፋ?

አዲሷ ገጽ ላይ «አድራሻ» የሚል ቦታ አለ። ባዶውን ነው የተውኩት። ክፍሌ ጠባብ ናት ብዬሻለሁ፤ መስኮቷ ሥር ግን አንድ ወንበርና የስፌት መኪናሽ ይገባሉ፣ ለክቼዋለሁ። ነርሷም የሥራ ልብሷ ኪስ ተቀዶባት እስክትመጪ ትጠብቃለች፤ ሙጫ ይዘው ቢቀርቧት መርፌ እንደምትወጋቸው ነግራኛለች።

ይህን ወረቀት ያደረሰችልሽ ሴት አሁንም በሩ ላይ ቆማ ከሆነ አስገቢያትና የሚጠጣ ነገር ስጫት። ባላደረገችው ነገር ብዙ ተወንጅላለች፤ ቢያንስ አንድ ቀን ባደረግኩት ልወንጀል ብላ ነው የመጣችው።

ፈጣሪ ጣትሽን ከብርድ፣ ዓይንሽን ከድካም ይጠብቅልኝ። ክርሽ አይበጠስብሽ። የምትቀመጪበት ሁሉ ብርሃን ይግባበት። እኔንም እንደገና አንቺው ያፈላሽውን ሻይ ለመጠጣት ያብቃኝ።

መልእክቱ ሲመጣ መነጽር አያስፈልግሽም። ፊደሉን ሳሳድግ ያቺም ደቃቅ መስመር አብራ አድጋለች። አሁን ሁሉም ይነበብሻል።

ስኳር የምታበዢላት፣
ታናሿ ልጅሽ